የአያ ይስማው ወንድ ኮሶ

ሃያ ስምንት ዓመት በደን ባለሙያነት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ «ተሳስቻለሁ» ያልኩበትን አላስታውስም። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራት አይደለም። ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ ድምፄን ወፈር፣ አንገቴን ቀና አድርጌ እናገር ነበር። ድምፁ የወፈረ ሰው ይታመናል፤ ሞተር ሳይክል ከተጨመረበትማ ማንም አይከራከረውም። አንድ ሐሙስ ቀን ግን ጥርባ አካባቢ፣ መጥረቢያ በያዙ ሃያ ያህል ሰዎች ፊት፣ ያ ወፍራም ድምፅ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። የማወጋችሁ የዚያን ቀን ነገር ነው።

ያኔ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ስሜ አስማረ ነው፤ ቤቴ እንጅባራ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ እቤት እየዋልኩ የሽንኩርት አከታተፏን ሳይቀር ማረም ስጀምር ባለቤቴ ዘነቡ ሰለቻት። «እኔን ከምታስተምር ወጥተህ ሌላ ሰው ብታስተምር ምናለበት?» አለችኝ። እሷ ስትቀልድ ነበር፤ እኔ የምሬን ወሰድኩት። የቀበሌውን አዳራሽ አስፈቅጄ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በነፃ የሚሰጥ ትምህርት ከፈትኩ። ለከተማ ግቢ የሚስማሙት የአገር በቀል ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የትኛው አበባ የትኛውን ወፍ እንደሚጠራ፣ የዘንገና ሐይቅ ጉሬዛዎች ምን በልተው እንደሚያድሩ እናወራለን። ጡረተኞች፣ የቤት እመቤቶች፣ አንድ አናጢ፣ አንድ የቀድሞ ወታደር ይመጣሉ። ሙሉ ደግሞ ትመጣለች።

ሙሉ መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ያላት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የሚሆናት ሴት ናት። የጠዋቱን ግርግር ጨርሳ፣ ዘይት ዘይት እየሸተተች፣ ዘይት የጠጣ ደብተሯን ይዛ ከፊት ትቀመጣለች። ጥያቄ ታበዛለች። እኔም ብዙ ጊዜ «እሱን ወደፊት እናየዋለን» እያልኩ አልፋታለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አልሆንልን ብሎ ነበር። ኮሶ ለማብቀል ፈልገን፣ ከከተማው ዳር ካሉ ሴት ኮሶዎች ዘር ለቅመን በፕላስቲክ ከረጢት ዘራን። አንድም አልበቀለም። በመጀመሪያው ዓመት አፈሩ ነው አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሙሉ ውኃ አብዝታበት ነው ብዬ ተማሪው ሁሉ እየሰማ ተቆጣኋት። ወደ እኔ ሳታይ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ጉሬዛ ለማየት ወደ ዘንገና ሐይቅ ልንሄድ አዳራሹ በር ላይ ተቀጣጥረን ነበር። ሙሉ ዘግይታ፣ እየሮጠች መጣችና በወረቀት የጠቀለለችውን ነገር ፈታችልኝ። የኮሶ ዘር ነው። እያንዳንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ በመርፌ እየከፈትኩ አየኋቸው» አለች። «ገለባ ናቸው። ውስጣቸው ምንም የለም። አፈሩም አይደለም፣ ውኃውም አይደለም።»

አየሁት። እውነቷን ነው።

«ኮሶ ወንድና ሴት አለው ብለው አስተምረውናል አይደል?» ብላ ቀጠለች። «እነዚህ ዘር የለቀምንባቸው ሴቶች፣ ወንዱ በአቅራቢያቸው አለ?»

እዚህ ላይ ለማታውቁት ላስረዳ። ሴቷ ኮሶ ቀላ ያለ አበባ ታንጠለጥላለች፤ ድሮ ለሆድ ትል ይጠጣ የነበረው እሱ ነው። ወንዱ ነጣ ያለ አበባ ያወጣል፤ ለመድኃኒት አይፈለግም፣ ፍሬም አይሰጥም። ነገር ግን የእሱ ዱቄት በነፋስ ተጉዞ ሴቷ ላይ ካላረፈ የሷም ዘር ባዶ ነው። ይህን ኮሌጅ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ግን ከፈተናው ወዲያ አስቤው አላውቅም። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ አንዲት ቁርስ ቤት ያላት ሴት አስታወሰችኝ።

ማስታወሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ በሥራ ላይ ሳለሁ፣ በጥርባ በኩል ቤት ለቤት እየዞርኩ «ወንዱን ኮሶ ቁረጡት፤ ጥላው እህል ከመጉዳት በቀር ምን ይሰጣችኋል?» ብዬ የመከርኩት እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ ያመነጨሁት ምክር ነው። ሰዉ ሰማኝ። እየቆረጠ በቦታው ለከሰል የሚሆነውን፣ ዲከረንስ የሚባለውን የውጭ ዛፍ ተከለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

«ጋሼ፣ እየሰሙኝ ነው?» አለች ሙሉ። «የሮጥኩት ለሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት ፉል የበላ አንድ ሰውዬ መጋዝ ይዞ ነበር። ጥርባ አያ ይስማው ቤት ደቦ አለ፣ ትልቅ ወንድ ኮሶ ይጣላል አለኝ። በዚያ ሁሉ አገር የቀረው ወንድ እሱ ብቻ ነው ሲል ሰማሁት። ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምሩት።»

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ተኩል ሊል ነው። ሌሎቹን ተማሪዎች ከወታደሩ ጋር ወደ ሐይቁ እንዲቀጥሉ ነገርኳቸውና እኔና ሙሉ ሚኒባስ ተሳፈርን።

አያ ይስማውን አውቃቸዋለሁ። ያኔ ምክሬን እምቢ ያሉኝ ብቸኛው ገበሬ እሳቸው ነበሩ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ ምን እንደምላቸው አሰላስላለሁ። ዛፉን አትቁረጡ ለማለት ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። ለምን እንደሆነ ከተናገርኩ ያስቆረጠው ማን እንደሆነ ይወጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዘግይተን በደረስን ብዬ ተመኝቻለሁ። ዛፉ ወድቆ ባገኘው ከንፈሬን መጥጬ፣ አዝኜ እመለስ ነበር፤ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ሚኒባሱ ግን እንደዚያን ቀን ደህና ሆኖ አያውቅም።

አስፋልቱ ላይ ወርደን በእግር ገባን። ግራ ቀኙ ዲከረንስ ነው፤ እኔ ራሴ ችግኙን ያከፋፈልኩት። ሙሉ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ጥቂት እንደሄድን የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን።

«ጀምረዋል» አለች፤ መሮጥ ጀመረች። እኔም በስልሳ ሁለት ዓመቴ ተከተልኳት።

ዛፉ ከአያ ይስማው አጥር ጥቂት ወጣ ብሎ ቆሟል። አበባው በየቅርንጫፉ ተንዠርግጓል። ወገቡ ላይ ገመድ ታስሯል። አንድ ሸንቃጣ ጎልማሳ በመጥረቢያ ጎኑን ይመታል፤ ክንድ የሚያህል ቁስል ወጥቶበታል። ሌሎቹ ተራቸውን እየጠበቁ በሣሩ ላይ ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ። አጥሩ ሥር ድንች ወጥ የተሞላ ትልቅ ድስት አለ። አያ ይስማው ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ይስማው?» አልኳቸው እያለከለክሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባለሙያው ነህ እንዴ? ሸበትክ እኮ። ና ተቀመጥ። ደቦ ላይ የደረሰ እንግዳ ጠላ ሳይቀምስ አይናገርም።»

«አያ ይስማው፣ ዛፉ ይቆይ።»

«ይቆይ?» ሳቁ። «ቁረጠው ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ጎልማሳው መጥረቢያውን አወረደ። በኋላ እንዳወቅሁት የደቦው አለቃ ነው፤ አለነ ይባላል። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም በለመድኩት መንገድ ጀመርኩ። ድምፄን ወፈር አድርጌ ስለ ብዝኃ ሕይወት፣ ስለ ሥነ ምኅዳር መዛባት አወራሁ።

«ያኔ ደግሞ ምርታማነት ነበር ያልከን» አለ ከተቀመጡት አንዱ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

አያ ይስማው በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። «ስማኝ ልጄ» አሉኝ። «ያን ጊዜ እምቢ ያልኩህ ከብቶቼ ጥላው ሥር እየተኙ ስለሚያመሰኩ ነው። አሁን ከብቱም አንሷል። ልጄ ከጥምቀት በኋላ ጎጆ ይወጣል፤ ጣውላ ያስፈልገዋል። ባለሙያው ለካ እውነቱን ነበር፣ ምንም የማይሰጥ ዛፍ አቁሜ ነው የኖርኩት አልኩና ሰው ጠራሁ። ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፉም። የዐሥራ አምስት ዓመት ምክሬን ነው የተቀበሉት።

ሙሉ ወደ እሳቸው ቀረበችና ጉልበቷን አጥፋ ወረቀቱን ዘረጋች። «አባቴ፣ ይሄንን ይዩልኝ። ከእንጅባራ ዳር የለቀምነው ዘር ነው። እዚያ ወንድ ኮሶ የለም። ይኸው፣ ገለባ ነው።» ዘሩን አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፤ በጥፍራቸው ገለጡት።

ባለቤታቸው እትዬ ፈንታዬ ጠላ እየቀዱ ነበር። ማሰሮውን አስቀምጠው ወደ አጥሩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው በሣሩ መሐል ሲፈልጉ ቆዩና አንድ ቡቃያ ከነሥሩ ነቅለው መጡ። የስንዝር ግማሽ የምታህል የኮሶ ቡቃያ ናት። ባላቸው ጭን ላይ አኖሯትና በአዊኛ ተናገሩ። እኔ ከአዊኛ የምሰማው ጥቂት ነው፤ ሰዎቹ ግን የያዙትን ጠላ ሲያስቀምጡ አየሁ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ ደገሙት።

«ይህን በየዓመቱ እንደ አረም ስነቅል ነው የኖርኩት። ከጓሮዬ ሴት ኮሶ ዘሩ እየረገፈ አጥሬን ሞልቶ ያስቸግረኝ ነበር። እህቴ ከጋራው ማዶ ነው ያለች፤ ሁለት ሴት ኮሶ አላት። በእነሱ በኩል የነበረውን ወንዱን ካስቆረጧቸው ወዲህ አንድ ቡቃያ አይታ አታውቅም። ምን በድለን ይሆን ስትል ነው የኖረች።» ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነበር ያስቆረጣቸው?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ያን ጊዜ ዝም ብል የሚያስገድደኝ አልነበረም። ከጋራው ማዶም የዞርኩት እኔ መሆኔን ሴትዮዋ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ቢያውቁም ይሉኝታ ይዟቸዋል። ዘሩና ቡቃያው ራሳቸው ጉዳዩን ይናገሩ ነበር፤ እኔ ጠላዬን ይዤ ብቀመጥ ይበቃ ነበር። ሙሉን አየኋት። ወረቀቷን ቀስ ብላ እያጠፈች ነው፤ ወደ እኔ አላየችም። እንዳላፍር ብላ ነው። የቆጣኋት ቀንም እንዲሁ ነበር ያደረገችው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ለራሴም ጆሮ የሌላ ሰው መሰለኝ። «በየቤቱ እየዞርኩ ወንዱን ቁረጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ኮሌጅ የተማርኩት ነገር ነበር፤ አላሰብኩበትም። ዘሩ ባዶ ሲሆንም በዚች ልጅ ነው ያሳበብኩት።»

ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ማንም አልሳቀም። አለነ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስደግፎ እጀታውን በመዳፉ ያሻል።

አያ ይስማው ቡቃያዋን ገለባበጧት። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ይህ ገባኝ። ደቦውንስ ምን ላድርገው?»

ይህ ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ደቦ ተጠርቶ፣ ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ሳይሠራ አይመለስም። የበላው ሰው እንደ ለማኝ ይታያል፤ ጠሪውም በሰው ጉልበት እንደቀለደ ይቆጠራል። ለሚመጣው አጨዳ «ኑ» ቢል ማን ይመጣለታል? ደግሞስ የልጁ ጣውላ ከየት ይምጣ? ዲከረንስ ከሰል እንጂ ጣውላ አይሆን። ሽማግሌው በዛፉና በሰው መሐል ተጣብቀው ቀሩ። ያጣበቅኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ያኔ ሳላስብበት አንድ ነገር ተናገርኩ። «እኔ ግቢ ሦስት የፈረንጅ ፅድ አሉ። ወፍራም ናቸው፤ ጣውላ ይወጣቸዋል። ደቦው እዚያ ይሂድ። እንጨቱ የልጅዎ ነው።»

«እንጅባራ?» አለ አንዱ።

«እንጅባራ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለነ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አደረገ። «እንጨት ያው እንጨት ነው» አለ። «ብቻ ጠላው ከኋላ ይከተለን።»

ለዘነቡ ልደውል ስል ኔትወርክ የለም። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መጣ፤ እኔ ግን መደወሉን ተውኩት። ምን ብዬ እጀምራለሁ? እንዲህ ሆነንም ወደ ከተማ ተጓዝን፤ መጥረቢያና ገመድ የያዙ ሃያ ሰዎች፣ ከኋላ ድስትና ጠላ የጫነ የፈረስ ጋሪ፣ ከፊት እኔና አያ ይስማው። ባጃጆች ፍጥነታቸውን እየቀነሱ ያዩናል። አንዱ ሹፌር «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ቢጠይቅ አለነ «ባለሙያው ንስሐ ገብቶ ነው» አለው። ሙሉ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ዘነቡ ልብስ እያሰጣች ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ አየችኝ፤ ከኋላዬ ያለውን ሰው አየች፤ ሸሚዙን እጇ ላይ እንደያዘች ቆመች።

«አስማረ፣ ምን አደረግህ?»

«ተሳሳትኩ» አልኳት።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረናል። «ይህን ቃል ለመስማት ሃያ ሰው መጥረቢያ ይዞ መምጣት ነበረበት?» አለች። ከዚያ ሸሚዙን አስጥታ ድንች ልትልጥ ገባች።

ፅዶቹን የተከልኳቸው ቤቱን የሠራን ዓመት ነው። ልጆቼ ከሥራቸው ተጫውተው አድገዋል። የመጀመሪያው ሲወድቅ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ ሁለተኛውን አየሁት፤ ሦስተኛውን ሲጥሉ ገመዱን ይዤ አብሬ ጎተትኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራው አለቀና ግንዱን ጋሪው በየተራ ማመላለስ ጀመረ። በዚያ ግቢ ፀሐይ ገብቶ የማያውቅበት ቦታ ላይ ሰዎቹ ተቀምጠው በሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ሲነሡ ወደ እኔ ቀረቡ።

«ያኔ ስንት ቤት ነበር የዞርከው?» አሉኝ።

«ብዙ ነው። ቁጥሩን አላስታውሰውም።»

«ያኔ በሞተር ነበር። አሁን በእግርህ ትችላለህ?»

መልሴን አልጠበቁም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ከጋሪው ኋላ ሄዱ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በእግሬ እዞራለሁ። ከእትዬ ፈንታዬ አጥር ሥር የለቀምነው ዘር በቅሏል፤ ከሙሉ ቁርስ ቤት ጀርባ ችግኙ ተደርድሯል። የአያ ይስማው ኮሶ ቁስሉ ዳር ዳሩን እየጠገገ ነው። ሐሙስ ትምህርቱ ሲያበቃ አንድ ሁለት ችግኝ በዘንቢል ይዤ፣ ድሮ ምክር የሰጠሁበት ቤት እየፈለግሁ እሄዳለሁ። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ሥራው የሚያስደስት እንዳይመስላችሁ። ለሰው ምክር መስጠት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሰጡትን ምክር መልሶ መውሰድ ግን ዳገት መውጣት፣ ውሻ ማለፍ፣ በር ማንኳኳት አለው። አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ አንዱ ደግሞ «ዛፉን መልስልኝ» ብሎ ጮኾብኛል፤ ጮኸ ብዬ አልፈርድበትም። ከእናንተም መካከል በወፍራም ድምፅ የተናገራችሁት ነገር ሰው ቤት የገባ ካለ፣ ጉልበታችሁ ሳይደክም ሂዱ እላለሁ። እኔ ዘግይቻለሁ።

ባለፈው ወር ከጋራው ሥር ካለች አንዲት ጎጆ ደረስኩ። ባለቤቱን አስታውሳቸው ነበር፤ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ሚስታቸው ናቸው፤ በጣም አርጅተዋል። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗል። ስሜን ነገርኳቸው፤ የመጣሁበትንም ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። መቃኑን ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ዛፉን አባቱ ነበር የተከለው» አሉኝ። «አልቆርጥም፣ እቆርጣለሁ እያለ ስንት ቀን ተጨነቀ። በኋላ ባለሙያ ከሚያውቀው እኔ አላውቅም ብሎ ቆረጠው።»

አንገቴን ደፋሁ። እንጨቱን ለምን ሥራ እንዳዋሉት ጠየቅኋቸው።

«አሁን ያንኳኳኸውን በር ሠራበት» አሉ፤ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ችግኙን ተቀበሉኝ፤ ቅጠሉን ዳሰሱት።

«ወንድ ነው?»

«አበባ እስኪያወጣ አይለይም፣ እማማ። ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

ችግኙን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ወደ ጓሮ ዞሩ።

«እጠብቀዋለሁ» አሉ። «አንተ ጉድጓዱን ቆፍርልኝ።»